ዝምታ ወርቅ ነው፤ ሂሳቡን ግን ማን ይክፈል?

«ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ያደግን ሰዎች በአሜሪካ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ምን እንደሚገጥመን መተረክ ለቀባሪው ማርዳት ነው። ተናጋሪው ይሾማል፣ ዝምተኛው ሐሳብ የለውም ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህም የቀድሞዋ የዎል ስትሪት ጠበቃ ሱዛን ኬን እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙትን «ኳየት» የተሰኘ መጽሐፍ ያነበብኩት ለእኔ ጥብቅና የቆመ ያህል ደስ እያለኝ ነበር።

መጽሐፉ ቁም ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ1955 በሞንትጎመሪ አውቶቡስ ላይ መቀመጫቸውን አንለቅም ካሉት ከሮዛ ፓርክስ ተነሥቶ፣ ጭምትነትና ብርታት አብረው እንደሚሄዱ ያሳያል። አዳም ግራንትና ባልደረቦቻቸው በ57 የፒዛ መደብሮች ያካሄዱትን ጥናትም ያነሣል። ሠራተኛው ራሱ ሐሳብ በሚያመነጭበት ቦታ ጭምት አለቃ የተሻለ ውጤት ያመጣል፤ ምክንያቱም ያዳምጣል። ሠራተኛው ትእዛዝ ጠባቂ በሆነበት ግን ተናጋሪው አለቃ ይበልጣል።

ቅሬታዬ ከዚህ ይጀምራል። በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ፈረቃ ኃላፊ ሳለሁ፣ ከአምስቱ ረዳቶቼ አንዷ እንድትቀነስ በስብሰባ ላይ ሐሳብ ቀረበ። የሌሊቱን ሥራ ከእኔ በላይ የሚያውቅ እዚያ አልነበረም። ይሁንና አለቃን በሰው ፊት መቃወም ነውር መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። ዝምታዬ እንደ ስምምነት ተቆጠረ፤ አራቱ የአምስቱን ሥራ ተሸከሙ። ከእነርሱ አንዷ ያገሬ ልጅ ነበረች። «ጋሼ፣ እርስዎ እዚያ አልነበሩም እንዴ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሱዛን ኬን ጭምትነትን ከዓይን አፋርነት በጥንቃቄ ይለያሉ። የእኔ ግን ሦስተኛ ነገር ነበር፤ ይሉኝታ። ስለ እስያ ተወላጆች በጻፉት ምዕራፍ ተጠግተውት ነበር፤ ነገር ግን ለስላሳነትም ኃይል አለው ወደሚለው ማጽናኛ ያዘነብላሉ። የሥነ ልቦና ምሁሩን ብራያን ሊትልን ጠቅሰው፣ ሰው ለሚወደው ዓላማ ሲል ከባሕርዩ ወጥቶ መናገር እንደሚችል ማስረዳታቸው እውነት ነው። ለአንባቢው ግን እንደ ምርጫ ነው ያቀረቡት። ሰው በሥሩ ላለው ኃላፊ ይህ ግዴታ ነው እላለሁ።

ዛሬም ጭምት ነኝ፤ አልተለወጥኩም። አጀንዳውን አስቀድሜ እጠይቃለሁ፣ ሐሳቤን ጽፌ እልካለሁ፣ በስብሰባው ላይ ደግሞ ሠራተኞቼን የሚነካውን አንድ ነገር ድምፄ ቢንቀጠቀጥም እናገራለሁ።

አባቶቻችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለውም ነበር። የቀረው የእኔ ደጃዝማችነት ቢሆን ባልቆጨኝ። የቀረው የአራት ሴቶች ዕረፍት ነበር።