ሴባስቶፖል ከገመዱ ባሻገር

አዲስ አበባ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ያለችውን መድፍ አይታችኋት ይሆናል። የሴባስቶፖል አምሳያ ናት። ዋናዋ በአፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ተሠርታ፣ በሰው ጉልበት ተጎትታ መቅደላ ወጣች፤ እዚያው ቀረች። አምሳያዋ ቅርጿን ታሳያለች፤ ቅሬታዬ ከቅርጹ አለማለፏ ነው። እኛም የጋፋትን ታሪክ ስናወራ እንደዚያው ነን፦ 70 ኩንታል፣ ገመዱ፣ ዳገቱ፣ አለቀ። ነሐሱ ውስጥ ምን እንዳለ የሚጠይቅ ከስንት አንድ ነው።

እስቲ እንጠይቅ። ነሐስ በአብዛኛው መዳብ ነው፤ ቆርቆሮ ይጨመርበታል (የቤት ክዳኑን አይደለም፣ ንጥረ ነገሩን ነው)። መዳብ ውስጥ እያንዳንዱ አቶም 12 የቅርብ ጎረቤቶች አሉት። የቆርቆሮ አቶም ተለቅ ስለሚል መሃላቸው ሲገባ ረድፎቹን ገፋ ገፋ ያደርጋቸዋል። ይህን ኤክስሬይ ያነበዋል፦ ጨረሩ ከረድፎቹ ሲመለስ በተወሰኑ ማዕዘኖች ብቻ ይደምቃል፤ ረድፎቹ ሲራራቁ ማዕዘኑ ይጠባል፣ ሲቀራረቡ ይሰፋል። ለዚህ ሥራ ሎውረንስ ብራግ ከአባቱ ጋር በ1915 እ.ኤ.አ. ኖቤል ሲሸለም ገና 25 ዓመቱ ነበር!

ቆርቆሮ የሚያራርቀውን ግፊት ደግሞ ያቀራርበዋል። ግን ብረትን እንዴት ያን ያህል መጭመቅ ይቻላል? ስፌት የሚሰፉ እናቶች ያውቁታል፤ ወስፌ ጫፏ ቀጭን ስለሆነ በትንሽ ጉልበት ትበሳለች። ሁለት አልማዞች ጫፍ ለጫፍ ይገጠማሉ፣ መሃላቸው ከፀጉር የቀጠነ ናሙና ይገባል፣ ከዚያ ብሎኖቹን በእጅ ማጥበቅ ነው። ግፊቱ ከከባቢ አየር ግፊት ሚሊዮን እጥፍ ሊደርስ ይችላል። አልማዝ ኤክስሬይን ስለሚያሳልፍ ናሙናው እንደተጨመቀ ይነበባል።

ብረት 130,000 እጥፍ አካባቢ ላይ እጁን ይሰጣል። 8 የነበሩት የአቶሙ የቅርብ ጎረቤቶች 12 ይሆናሉ፤ የኤክስሬዩ ምስልም ሌላ ይሆናል። የጋፋቱ መዳብስ? እምቢ ባይ ነው። ከሚሊዮን እጥፍ በላይም ቢጫኑት ይጠብባል እንጂ አሰላለፉን አይቀይርም። እንዲያውም ተመራማሪዎች በዚህ ጽናቱ የተነሳ መለኪያ ያደርጉታል፤ ረድፎቹ ምን ያህል እንደተቀራረቡ አይተው በአልማዞቹ መሃል ያለውን ግፊት ያሰላሉ።

በከፍተኛ ግፊት ለሚደረገው ጥናት ብዙ ጊዜ የሲንክሮትሮን ብርቱ ጨረር ያስፈልጋል፤ አፍሪካ ውስጥ ደግሞ አንድም ሲንክሮትሮን የለም። ይህ ሰበብ አይሆነንም። የነሐስን አሰላለፍ ለማንበብ ተራ የኤክስሬይ መሣሪያ ይበቃል። አደባባዩ ላይ፣ ከአምሳያዋ ሥር፣ ሁለት ሥዕል ያለው ሰሌዳ ለመትከል ደግሞ እሱም አያስፈልግም፦ በአንዱ የመዳብ አቶሞች ብቻ፣ በሌላው ቆርቆሮ የገባባቸው።