«ጥቁር ዋኖስ» ወይስ «ሞረድ ክንፍ ጨረባ»?
ስለ አንድ የወፍ ወገን ስያሜ

ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስሜንን በጐበኘ ጊዜ ያገኛትን ትንሽ ጥቁር ወፍ በግሪክኛ «ፕሪስቶፕቴራ» አላት፤ «መጋዝ ክንፍ» ማለት ነው። ዣን ካባኒስ በ1850 (እ.ኤ.አ.) ወገኑን «ፕሳሊዶፕሮክኔ» ሲል ሰየመው። ወፊቱ ለሳይንስ የተዋወቀችው ከስሜን ሆኖ ሳለ፣ የዳባትና የደባርቅ ተማሪ ወይም የሳንቃ በር መንገድ መሪ በአማርኛ ምን ብሎ ይጥራት?

ለተርጓሚ ፈጥኖ የሚታየው «ጥቁር ዋኖስ» ይመስለናል። እኛ ግን ሁለቱንም ቃላት አንቀበልም።

ዋኖስ የርግብ ዘመድ ናት። ስሕተቱ የሚመጣው መዝሙር 83ን ከእንግሊዝኛው ጋር አስተያይቶ ከመፍረድ ነው። ዕብራይስጡ እንደ ጨረባ የሚተረጐም ቃል ባለበት ስፍራ የግሪኩ ትርጉም የርግብን ዐይነት አስገባ፤ ግእዙ ግሪኩን ተከትሎ «ማዕነቅ» አለ፤ አማርኛውም «ዋኖስ»። ስለዚህ ቃሉ የግሪኩ ንባብ ወራሽ እንጂ የጨረባ ስም አይደለም። በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 38 ግን አማርኛው በትክክል «ጨረባ» ይላል።

«ጥቁር» የሚለውም ለወገኑ አይበቃም። ከአምስቱ ዝርያዎች የአንደኛው ወንድ ራሱ ነጭ ነው፤ የስሜኗ ወፍ በደቡብ ኢትዮጵያ ያላት ንዑስ ዝርያም ቡናማ ነው። እንግዲያው «ነጭ ራስ ጥቁር ዋኖስ» ልንል ነው?

የካባኒስን ስያሜ ተከትሎ «መቀስ ጨረባ» ማለትም ይቻል ነበር፤ «ፕሳሊስ» መቀስ ነውና፣ የብዙዎቹም ጅራት እንደ መቀስ የተሰነጠቀ ነው። ሆኖም ከአምስቱ አንዱ ጅራቱ ቀጥ ብሎ የተቈረጠ ነው። ወገኑን አንድ የሚያደርገው ክንፉ ነው።

ክንፉስ መጋዝ ነውን? በወንዱ ክንፍ ዳር ባለው ረጅም ላባ የውጭ ጠርዝ ላይ ጥቃቅን ቈልማማ ሹሎች ተደርድረዋል። እንደ መጋዝ ጥርስ ከሩቅ አይታዩም፤ ጣት ሲያልፍባቸው ግን ይሻክራሉ። አማርኛ ለዚህ መሣሪያ ቃል አለው፤ ሞረድ። ስለዚህ ለወገኑ «ሞረድ ክንፍ ጨረባ»፣ ለስሜኗ ዝርያ «የስሜን ሞረድ ክንፍ» እንዲባል እናቀርባለን። «ስሜን» የአገሩ ስም ስለ ሆነ በአቅጣጫው «ሰሜን» እንዳይተካ አራሚዎች ይጠንቀቁ።

«የጨረባ ተዝካር» የሚለው አነጋገር ጫጫታን ያስታውሳል፤ ይህች ወፍ ግን ዝምተኛ ናት የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ነገር ግን «ጨረባ» እዚህ የአስተኔውን ዝምድና ያመለክታል፤ ጠባይን ለይቶ የማሳየቱ ተግባር የቅጽሉ ነው።

አንድ ነገር ይቀራል። ወፊቱ በገደል አፈር ውስጥ ጉድጓድ ምሳ ትፈለፍላለች፤ ይህን ልማዷን ያየ የደጋ እረኛ የራሱ ስም ሊኖረው ይችላል። ሐሳባችን ወደ መዝገበ ቃላት ከመግባቱ በፊት በደባርቅና በዳባት ገጠሮች ይጠየቅ። የአገሩ ስም ከተገኘ የእኛ ስያሜ ቦታውን ይልቀቅ።