የመቀመጫው ማዕዘን

ያገለገለ የምግብ ጠረጴዛ ወንበር የሚገዛ ሰው መጀመሪያ እግሩን ይነቀንቃል። ደግ ነው። እኔ ግን ቀድሜ ገልብጬ ሥሩን አያለሁ። ምናለሽ ተራ ገበያ ውስጥ ከተቆለሉት ወንበሮች ብዙዎቹ ከላይ ሲያዩአቸው ምንም አይላቸውም፤ ሲገለበጡ ግን ሁለትና ሦስት ጨርቅ ተደራርቦ፣ የዛገ ሚስማር ከስቴፕለር ሽቦ ጋር ተዘበራርቆ ይገኛል። ባለቤት በተለወጠ ቁጥር አዲሱ ጨርቅ በአሮጌው ላይ ተደርቧል። መቀመጫው ፍሬሙ ውስጥ ገብቶ የሚያርፍ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ድርብርቡ ጉዳት አለው፤ የወፈረው መቀመጫ በጡጫ እየተመታ ሲገባ ፍሬሙን ወደ ውጭ ይገፋል፣ መጋጠሚያውን ያላቅቃል። እግሩ የሚወዛወዝ ወንበር ሁሉ የአናጢ ጥፋት የለበትም።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። እንዲህ ያሉ ስድስት ወንበሮች ገዝተው መቀመጫዎቹን በረንዳቸው ላይ ራሳቸው ሲያለብሱ አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ። አብዛኛው ጊዜ ያለፈው በማፍረስ ነው። የእያንዳንዱን ሽቦ አንድ ጫፍ በካቻቪቴ ቀና ያደርጋሉ፣ በጉጠት ይነቅላሉ፣ ጣሳ ውስጥ ይጥላሉ። ጨርቁ ሲነሳ ከሥሩ ያለው አሮጌ ስፖንጅ ብጫ ዱቄት ሆኖ ረገፈ፤ ዕድሜ፣ አየርና ብርሃን ፖሊዩሬታንን እንዲህ ያደርጉታል። ኮምፔርሳቶው ብቻ ቀረ። «ከዚህ ወዲህ ነው ሥራው» አሉኝ።

አዲሱን ስፖንጅ በዳቦ ቢላ ቆረጡት፤ መቀስ ጨምድዶ ጠርዙን ያዛባዋል። ውፍረቱ 3 ሳንቲሜትር ነው፣ የላይኛው ጠርዙ በትንሹ ተላጭቷል። በላዩ ስስ የፋይበር ጥጥ አነጠፉ፤ ጥጡ ግን ከእንጨቱ ጠርዝ አንድ ጣት እንኳ አያልፍም። ወደ ጎን ቢወርድ የመቀመጫውን መግቢያ ያጠብበዋልና።

የጠፍር አልጋ የሚሠራ ሰው አንድ የሚረዳው ነገር አለ። ጠፍር በእርጥቡ ይወጠራል፤ ሲደርቅ ራሱ ይኮማተርና ይጠብቃል። ጨርቅ ይህን ውለታ አይውልም። ሲቀመጡበት ይላላል እንጂ አይጠብቅም፤ ስለዚህ ውጥረቱ በሙሉ በሠሪው እጅ፣ ያውም በመጀመሪያው ቀን መግባት አለበት። ሲበዛም ችግር ነው። ከልክ በላይ የተሳበ ጨርቅ ሽቦ ባረፈበት ቦታ ሁሉ ወደ ውስጥ ይጎድላል፣ በመሃከሉ ይወጣል፤ ጠርዙም ይወላገዳል።

ጎረቤቴ ባለ መስመር ጨርቅ መምረጣቸውን መጀመሪያ ድፍረት መስሎኝ ነበር። ሜዳ ጨርቅ ብዙ ይሸፍናል፤ መስመር ግን ክሩ ግማሽ ሳንቲሜትር ሲዘነብል ከበር ላይ ይታያል። እሳቸው ግን መስመሩን መምሪያ አደረጉት። ከኋላ መሃል ላይ አንድ ሽቦ፣ ከፊት መሃል አንድ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ። በአንድ መዳፍ ጨርቁን ከመሃል ወደ ጠርዝ እየዳበሱ በሌላው እጅ ጣቶች ይስባሉ። ከየመሃሉ ወደ ማዕዘን ሲሄዱ አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከፊት ለፊቱ ነው፤ አንድ ጎን ብቻውን አይጨረስም። ማዕዘኖቹ እስከ መጨረሻው ክፍት ናቸው።

እኔ ሰውን የምመዝነው እዚህ ነው። ብዙ ሰው ማዕዘን ላይ ሲደርስ የተረፈውን ጨርቅ አጥፎ፣ ጠቅጥቆ፣ በሽቦ ብዛት ያስገድደዋል። ጎረቤቴ የጨርቁን ጫፍ በሰያፍ ወደ መሃል ስበው በአንድ ሽቦ አሰሩት። ግራና ቀኝ ሁለት ጆሮ ቆመ። ከጆሮዎቹ ውስጥ የማያስፈልገውን በመቀስ ቀነሱ፤ መቀሱ ግን ማዕዘኑ ጋ ሳይደርስ ቆመ፣ አንድ ሁለት ክር ቢያልፍ ቀዳዳው ከላይ ይታያልና። ከዚያ ሁለቱን አጥፈው በሰያፉ ላይ ገጠሟቸው፣ በመዶሻ ቀስ ብለው መቱት። ውፍረቱ በሙሉ ከእንጨቱ ሥር ገባ። በጎን በኩል ጣቴን ብሰድ እጥፋቱን አላገኘሁትም። የልብስ ሰፊ እጅ ነው፤ ኮሌታ ሲገለብጥ የኖረ እጅ ማዕዘን የት እንደሚወፍር ያውቃል።

ሂሳቡም ያስደስታል። መቀመጫው 45 በ45 ሳንቲሜትር ነው፤ ከነመታጠፊያው 65 ይወስዳል። 140 ሳንቲሜትር ስፋት ካለው የሶፋ ጨርቅ ሁለት ጎን ለጎን ይወጣል፤ ለስድስቱም 2 ሜትር በቃ።

ከማፍረሳቸው በፊት ግን አንድ ነገር አድርገው ነበር፤ እኔ ልብ ያልኩት ሲጨርሱ ነው። በየኮምፔርሳቶው ሥርና በየፍሬሙ ውስጥ ከ1 እስከ 6 በእርሳስ ጽፈዋል። በእጅ የተገጠመ ወንበር ከጓደኛው ትንሽ ይለያል፤ በየጎኑ የሚፈቀደው ክፍተት ደግሞ የጨርቁ ውፍረት ያህል ብቻ ነው። ለመሞከር አራት ቁጥርን አምስት ቁጥር ላይ ጫንኩት፤ አልገባም። በራሱ ወንበር ላይ በሁለት አውራ ጣት ግፊት ቁጭ አለ።