ተላምጦ የተጣለ

ታክሲዬን ሳጸዳ ከኋላ ወንበር ሥር የተላመጠ ማስቲካ አጥቼ አላውቅም። ጣዕሙ እስኪያልቅ ይፈለጋል፤ ከዚያ የትም ይለጠፋል። አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ሐና ዊልኪ በ1974 (እ.ኤ.አ.) ከዚሁ ማስቲካ ቁስል የሚመስሉ ትንንሽ ቅርጾች ሠርታ ገላዋ ላይ ለጠፈች፤ እንደ ፋሽን ሞዴልም ፎቶ ተነሣች። ፎቶዎቹንና ማስቲካዎቹን በአንድነት አቀረበቻቸው። ሴትም እንዲሁ ተላምጣ ትጣላለች ማለቷ ነበር።

አንዳንድ ሐያስያን በውበቷ ትመጻደቃለች ብለው ነቀፏት። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም መጀመሪያ ያየሁት ቁስሉን ሳይሆን ገላዋን ነው። የሥራው ድካም ይኸው ነው፤ የሚወቅሰውን ዓይን መልሶ ይጋብዛል።

መልሱ በኋላ መጣ። በካንሰር ታማ በ1993 ከማረፏ በፊት፣ ፀጉሯ ረግፎ፣ በፋሻ ተሸፍና፣ እንደ ሞዴል ዳግመኛ ተነሣች። «ኢንትራ ቪነስ» አለችው፤ የደም ሥር መርፌንና የውበት አምላኳን ቬነስን ባንድ ስም አጣምራ። ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ያየ ሰው ትመጻደቃለች ለማለት አፉን አይሞላም።

ውድ አንባብያን፣ አስተማሪ ሳለሁ በመልኳ ስለተሳለቁባት ክፍል መግባት የተወች ተማሪ ነበረችኝ። «አትስሚያቸው» ብዬ አለፍኩ። ሰዎቹ የተፉት እሷ ላይ ተለጥፎ እንደቀረ የገባኝ አሁን ነው።