ስምንት ኩባንያ እና አንድ የዱቤ ደብተር

የእህቴ ልጅ ለባለሱቆች የዱቤ መዝገብ የሚሆን የስልክ ፕሮግራም ሠርቷል። የሚኖረው ትክል ድንጋይ ነው፤ ከጎንደር ወደ ሳንጃ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው፣ የላይ አርማጭሆ ወረዳ መቀመጫ። ባለፈው ሰሞን እቤቴ መጣና ቡናው ሳይፈላ «ጋሼ፣ ይህን ሰውዬ አንብበውታል?» ብሎ ስልኩን ዘረጋልኝ። የዕድሜዬን እኩሌታ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና አላነበብኩም ማለት ያሳፍረኛል። ወስጄ አነበብኩት።

ሰውዬው ስቲቭ ብላንክ ይባላል። ካሊፎርኒያ ውስጥ በሃያ አንድ ዓመት ስምንት ጀማሪ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችን አንዳንዱን መሥርቶ፣ አንዳንዱን ገና ከጅምሩ ተቀላቅሎ ካደረሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1999 ጡረታ ወጣ፤ ከዚያም ወደ ማስተማር ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተመው መጽሐፍ ዛሬ በየከተማው «ስታርትአፕ» የሚል ወጣት ሁሉ ሳያውቀው የሚጠቅሰው ነው። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው። ኩባንያ ሲጀመር መሥራቹ የሚያውቀው ዕቃውን እንጂ ገዢውን አይደለም፤ በልቡ ያለው ሁሉ ግምት ነው፤ ስለዚህ ከቢሮ ወጥቶ ሰው ይጠይቅ።

ጽሑፉ ውበት የለውም። እንዲያውም እንደ መመሪያ ደረቅ ነው። ያቀረበኝ ግን ስለ ውድቀቱ ሲናገር ነው። በ1990ዎቹ የኮምፒውተር ጨዋታ የሚሠራ ኩባንያ መሥርቶ ነበር፤ ጋዜጦቹ ዕቃው ገበያ ሳይወጣ አወደሱት፣ እነሱም ውዳሴውን አመኑ፣ ተጫዋቾቹ ግን ጨዋታውን አልወደዱትም። ገንዘቡ አለቀ። እና ምን ሆነ? ለሚቀጥለው ኩባንያ ገንዘብ አገኘ! እዚህ ላይ መጽሐፉን አስቀምጬ ሳቅኩ። እኛ ዘንድ አንድ ጊዜ የከሰረ ሰው ባንክ ቤት ሄዶ «የከሰርኩት ትምህርት ስላገኘሁበት ነው» ቢል ምን እንደሚሉት እናውቃለን፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው የቤት ካርታ ነው። ስምንት ጊዜ መጀመር የሚቻለው ሰባት ጊዜ የሚወድቁበት ፍራሽ ሲኖር ነው። ይህን መጽሐፉ አይነግረንም፤ ፍራሹ ላይ ተኝቶ የጻፈ ሰው ፍራሹን አያየውም።

ትምህርቱ ግን ውሸት አይደለም። ሳምራዊት ፍቅሩን ተመልከቱ። ሃይብሪድ ዲዛይንስ የሚባለው ኩባንያዋ ራይድን ሲጀምር መነሻው የጽሑፍ መልእክት ነበር፤ መተግበሪያው በኋላ መጣ። መተግበሪያው ከመጣ በኋላም አዲስ አበባ ላይ ስማርት ስልክ ያልያዘ ሰው 8294 ደውሎ መኪና ይጠራል። የካሊፎርኒያ መሐንዲስ «ይህማ ኋላ ቀር ነው» ይል ይሆናል። ከላዳ ሾፌር ጋር ዝናብ ላይ ቆሞ በዋጋ የተከራከረ ሰው ግን መፍትሔ የሚለው ቀድሞ የተነገረ ዋጋን ነው፤ በድምፅ ይምጣ በሥዕል ግድ የለውም። ብላንክ ከቢሮ ውጡ ያለው ይህንኑ ነው።

የእህቴም ልጅ ወጥቷል። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ ዱቤ በተመዘገበ ቁጥር ለተበዳሪው የጽሑፍ መልእክት ይልክ ነበር፤ ልጁ በዚህ በጣም ይኮራ ነበር። አንዲት ባለሱቅ በሁለተኛው ሳምንት ጠርታ ተቆጣችው። ደንበኛዋ ስኳርና ዘይት በዱቤ ወስዳ ኖሮ፣ የተመዘገበው ስልክ የባልየው ነው፤ መልእክቱ እሱ ኪስ ውስጥ ጮኸ፤ ቤት ታመሰ። የዱቤ ደብተር እኮ ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ የገመና መዝገብ ነው። ደግሞ ዕዳ ሲከፈል ባለሱቋ ደብተሩን ገልጣ በከፋዩ ፊት ስሙን በእስክሪብቶ ትሰርዛለች፤ ያ ጭረት ደረሰኙ ነው። ልጁ መልእክቱን ካልታዘዘ እንዳይልክ አደረገው፤ ዕዳ ሲከፈልም ስሙ በስክሪኑ ላይ በቀይ መስመር እንዲሰረዝ፣ ከፋዩም እንዲያየው አደረገ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያየውንም አልረሳም፤ ፕሮግራሙ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። እስከዚህ ድረስ ብላንክ ቢያየው ግንባሩን ይስመው ነበር።

ችግሩ ወዲህ ነው። ፕሮግራሙ አሥራ አንድ ሱቅ ውስጥ ገብቷል። የከፈሉት ሁለት ናቸው። ዘጠኙ አንዱ ከሌላው በዜንደር ተቀባብለውት ነው። ወደውታል፣ ይጠቀሙበታል፣ ሲበላሽ ይደውሉለታል! ብላንክ ገዢ እንዴት እንደሚፈለግ ይጽፋል፤ ገዢው ተገኝቶ፣ ዕቃውን ወዶ፣ ሳይከፍል ሲሄድ ምን እንደሚደረግ የእህቴ ልጅ መጽሐፉ ውስጥ ፈልጎ አጣ። እኔን የጠየቀኝም ይህንኑ ነው።

መልስ የለኝም፤ የማውቀው ግን አለ። በፊደላችን ላይ የደረሰውን አውቃለሁ።

በእኛ አገር ሶፍትዌር መሥራት የተጀመረው በዚህ ትውልድ አይደለም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ፣ ከዶክተር አበራ ሞላ ወዲህ፣ ግዕዝን ኮምፒውተር ላይ ለመጻፍ ብዙዎች ደክመዋል፤ አጋፋሪ፣ ዋሽራ፣ ብራና፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ። በዚያን ጊዜ ፎንት የሚባለው ለ256 ምልክት ብቻ ቦታ ነበረው፤ ፊደላችን ከነቁጥሩና ከነነጥቡ አልገባ ሲል ከፋፍለው፣ አጣጥፈው አስገቡት። ገዢ ፍለጋ አላስቸገራቸውም፤ ሚኒስቴሩ፣ ጋዜጣው፣ ትምህርት ቤቱ፣ መንገድ ዳር «ደብዳቤ እንጽፋለን» ብሎ የተቀመጠው ሁሉ ገዢ ነበር። መግዛቱ ላይ ነው ነገሩ። ፓወር ግዕዝን በስንት ኮምፒውተር ላይ አየሁት! ከነደረሰኙ ያየሁት ግን ትዝ አይለኝም። እኔ ራሴ ለተማሪዎቼ ስለ ደራሲ መብት የጻፍኩትን ማስታወሻ የተየብኩት ጓደኛዬ በሲዲ ገልብጦ በሰጠኝ ፕሮግራም ነው። አሁን ስጽፈው ይሰቀጥጠኛል፤ ያኔ አልተሰማኝም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተርን ፕሮግራም ከመጽሐፍ ጎን ለጎን «ሥራ» ብሎ ጥበቃ ሰጥቶታል። ሕጉ ካወቀው እኔ የሥነ ጽሑፍ መምህሩ እንዴት ሳላውቀው ቀረሁ?

አንዳንዴ የማስበው ይህን ነው። ጎንደር ያደገ ሰው ቁም ጸሐፊ ያውቃል። ዳዊት የሚያስጽፍ ሰው የሚከፍለው ለመገልበጡ ድካም ነው፤ ለብራናው፣ ለቀለሙ፣ ለወራቱ። ቃሉ የማንም ነበር፤ ግልባጩ ነው ዋጋ ያለው። መገልበጥ በጎ ሥራ ሆኖ የኖረበት አገር፣ ግልባጩ በአንድ ጠቅታ የሚወጣ ነገር ሲመጣበት ለምኑ እንደሚከፍል ግራ ገባው። ይህን የምለው ለማመካኘት አይደለም፤ ለሲዲው ባዶ አሥር ብር ሳንከራከር እንከፍል እንደነበር ስለማስታውስ ነው።

ሠሪዎቹም ንጹሕ አይደሉም። እያንዳንዱ ለፊደሉ የራሱን ኮድ ሰጠ፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የእብድ ጽሑፍ ሆነ። ደንበኛ ከእጅ እንዳይወጣ ያሰቡም ይኖራሉ፤ ይህንንም የሚያስተምሩ የውጭ መጻሕፍት አሉ። የእኔ የዓመታት ማስታወሻ ዛሬ የማይከፈት ፋይል ሆኖ ተቀምጧል፤ በየትኛው ፕሮግራም እንደጻፍኩት አልናገርም፤ ገንዘብ ላልከፈልኩበት ዕቃ ምን ብዬ እከሳለሁ? እ.ኤ.አ. በ1999 ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ ገባ፣ በ2007 ደግሞ ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር አብሮ አመጣው። ፊደላችን ከሲያትል አጠገብ ተጭኖ፣ ከኮምፒውተሩ ዋጋ ጋር ተቀላቅሎ መጣ። ለእሱማ ከፈልን።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ታዲያ እነዚያ ዘጠኙን ምን ላድርጋቸው?» አለ። ልዝጋባቸው ወይ ማለቱ ነው። አትዝጋ አልኩት፤ መዝገባቸውን እንደ እኔ ማስታወሻ አታስቀረው። በየዓመቱ እየሄድክ አድስላቸው፣ ለመሄድህ አስከፍል፤ ለእግርህና ለጊዜህ መክፈል ያውቁበታል። ልክ መሆኔን አላውቅም። ብላንክም አላለውም።

ሊሄድ ሲል ፕሮግራሙ ላይ ያለውን አማርኛ እንዳርምለት ለመነኝ፤ እውነትም ግድፈት ሞልቶታል። «ስንት ያስከፍሉኛል?» ሲለኝ «ላንተማ በነጻ» ልል አፌን ከፈትኩና መለስኩት። አምስት መቶ ብር አልኩት። ደነገጠ፤ አሁን በእጄ የለም አለኝ። ስልኩን ተቀበልኩና የራሱን ፕሮግራም ከፍቼ ስሙን ዱቤ ላይ አስገባሁት።