የተዘጋውን የከፈተው ውሃ

ተከፈተ! የፕሪንተሬ ስድስቱም ቀለም፣ አንዲት መስመር ሳትጎድል፣ ወረቀቱ ላይ ተሰልፎ ወጣ! ጀሞ ባለችው ትንሿ ፎቶ ቤቴ፣ ጎረቤቶቼ ገና ሱቃቸውን ሳይከፍቱ፣ ያቺን የኖዝል ቼክ ወረቀት እንደ ደረሰው የሎተሪ ዕጣ በሁለት እጄ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። የከፈተው ምን መሰላችሁ? ከባሕር ማዶ የመጣ ውድ ኬሚካል አይደለም። ዲስትልድ ወተር ነው! ዲስትልድ ወተርና ከፋርማሲ የገዛሁት ጥቂት ግሊሰሪን!

ከጀሞ እስከ ለቡ፣ ከጎፋ እስከ መካኒሳ ፎቶ የሚያትም ሁሉ ደስታዬን ይረዳዋል። ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ሰርግ የለም። የአልበም ሥራ ይቆማል፣ ትልቁ ፕሪንተርም ጨርቅ ለብሶ ይተኛል። አየሩ ደረቅ ነው፤ ቀለሙ ኖዝሉ አፍ ላይ ቀስ እያለ ይጋገራል። ፋሲካ አልፎ ሙሽሮች ሲጎርፉ ማሽኑን ቀስቅሰን እናትማለን፤ ማጀንታው ጠፍቶ የሙሽራዋ ፊት አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል! በዚያች ቅጽበት ሆድ እንዴት እንደሚባባ ያየ ያውቀዋል።

እኔም ያደረግኩት ሁሉም የሚያደርገውን ነው። ሄድ ክሊኒንግ፣ አሁንም ሄድ ክሊኒንግ። ማሽኑ በእያንዳንዱ ዙር ደህናውን ቀለም እየሳበ ወደ ቆሻሻ መምጠጫው ይደፋዋል። መምጠጫው ሞላ ብሎ ቆጣሪው ሲወስን ደግሞ ፕሪንተሩ ጭራሽ አላትምም ይላል። አንዱ ወዳጄ «ቲነር ጨምርበት» አለኝ፤ ሌላው «አሴቶን ነው መድኃኒቱ» አለኝ። እጄን የያዘልኝ ፈጣሪ ይመስገን!

ምክንያቱም ቀለም የሚረጨውን ክፍል፣ የሄዱን ነገር ስረዳው ገረመኝ። ኤፕሰን ኤል 1800ን ብንወስድ ለእያንዳንዱ ቀለም 90፣ በድምሩ 540 ቀዳዳ አለው። እያንዳንዱ ቀዳዳ ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ ትንሿ ጠብታ 1.5 ፒኮሊትር ናት፣ አንድ ፒኮሊትር ደግሞ የሊትር አንድ ትሪሊዮንኛ ነው! ቀለሙን የሚገፋው ኤሌክትሪክ ሲነካው የሚለጠጥ ክሪስታል ነው። ይህ ሁሉ የተያያዘው በሙጫና በፕላስቲክ ነው። አሴቶንና ቲነር ደግሞ ሙጫንና ፕላስቲክን የሚበሉ ናቸው። ቀለሙን ሳይሆን ቤቱን ያፈርሱታል! በረኪናም ያው ነው፤ ብረቱን ይበላል፣ አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። ንጹሕ አልኮል እንኳ ቶሎ ተንኖ ቀለሙን እዚያው ሊያረጋው፣ ጎማውንም ሊያደርቀው ይችላል።

ውሃስ? የአብዛኛው የፎቶ ፕሪንተር ቀለም በውሃ የተበጠበጠ ነው። የደረቀው ውሃው ሄዶበት ነው፤ ውሃው ሲመለስለት ይሟሟል። ይኸው ነው ምስጢሩ! ግሊሰሪን ደግሞ እርጥበት ይይዛል፤ ማጽጃው ሥራውን ሳይጨርስ እንዳይደርቅ ያደርገዋል። የቧንቧ ውሃ ግን አይሆንም። ማንቆርቆሪያችን ሥር የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ካልሲየም ነው፤ እሱ ኖዝል ውስጥ ከገባ ሌላ ድፍን ይሆናል። ዲስትልድ ወተር የመኪና ባትሪ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ይገኛል፤ ስትገዙ ግን አሲዱን እንዳይሰጧችሁ ጽሑፉን አንብቡ።

እኔ ዘጠኝ እጅ ውሃ፣ አንድ እጅ ግሊሰሪን ቀላቅዬ ለብ አደረግሁት። ሄዱ ከማረፊያው ሲወጣ ማሽኑን ከሶኬት ነቀልኩ። ብናኝ የማይለቅ ጨርቅ አጥፌ፣ በማጽጃው አርሼ፣ ከሄዱ ሥር ዘረጋሁና ሄዱን በእጄ ቀስ አድርጌ በላዩ መለስኩት። ከዚያ ተኛሁ! ጠዋት ጨርቁ ላይ የታተመውን ቀለም ብታዩት! ሌሊቱን ሙሉ ማጀንታው እንደ ጽጌረዳ ፈክቶ ሰርጎበታል። በሲሪንጅ በኃይል መግፋት አላስፈለገኝም፤ ግፊት የውስጡን ስስ ክፍል ይቀድዳልና እናንተም ተጠንቀቁ። አንድ ሄድ ክሊኒንግ፣ አንድ ኖዝል ቼክ፣ አለቀ!

ፒግመንት ቀለም የምትጠቀሙ ግን ጉዳያችሁ ይለያል። እሱ የማይሟሟ ደቃቅ ብናኝ ነው፤ አንዴ ከደረቀ ውሃ ብቻውን ላይበቃው ስለሚችል፣ ለእሱ ተብሎ የተሠራ ማጽጃ ፈልጉ።

የሙያ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እለምናችኋለሁ፦ ማሽናችሁን ወደ ጋራዥ ጠርሙስ አታስጠጉት። በሁዳዴም ቢሆን በሳምንት አንድ ጊዜ ስድስቱንም ቀለም የያዘች አንዲት ትንሽ ፎቶ አትሙ። ከተዘጋ ደግሞ መጀመሪያ ውሃውን፣ ቀጥሎ አንድ ሌሊት ትዕግሥት ስጡት።