ጂም በማን አማርኛ ይናገር? «ሃክልቤሪ ፊን» በሥነ ልሳን ክፍል ውስጥ

1. መነሻ

የማርክ ትዌይን «የሃክልቤሪ ፊን ጀብዱዎች» እ.ኤ.አ. በ1884 መጨረሻ በእንግሊዝና በካናዳ፣ በ1885 መጀመሪያ ደግሞ በአሜሪካ ከታተመ ወዲህ የሥነ ጽሑፍ መምህራንን ሲያከራክር ኖሯል። ክርክሩ በአብዛኛው በዘር ጥያቄ ላይ ያተኮረ ነው። ለሥነ ልሳን ሰው ግን መጽሐፉ ከሁሉ በፊት ስለ ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። ደራሲው ከትረካው አስቀድሞ ባኖረው አጭር ማስታወሻ የተጠቀመባቸውን ዘዬዎች ይዘረዝራል፦ የሚዙሪ ጥቁሮች ዘዬ፣ ከደቡብ ምዕራብ የጠረፍ ገጠር የመጣ ዘዬ፣ የተለመደው የፓይክ ካውንቲ ዘዬ፣ እንዲሁም የዚሁ የመጨረሻው አራት ልዩ ልዩ መልኮች። ልዩነቱን በግምት ሳይሆን በጥንቃቄ እንደ ሠራውም ይናገራል። ማስታወሻውን እንደ ቀልድ ብቻ ቈጥረው ያለፉት አንባቢዎች ብዙዎች ናቸው። ዴቪድ ካርኪት እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጥናት ግን የገጸ ባሕርያቱን ንግግር እየነጠለ መርምሮ፣ የትዌይን ቃል በመሠረቱ ከልብ የተነገረ መሆኑን አሳይቷል።

ይህ ጽሑፍ የሚተቸው መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን የመጽሐፉን ንባብም ነው። መነሻው ጸሐፊው በእንግድነት በሚያስተምርበት የድኅረ ምረቃ ሴሚናር፣ የአማርኛ፣ የአፋን ኦሮሞና የኪስዋሂሊ ተናጋሪዎች ከሆኑ ተማሪዎች ጋር የተደረገ ውይይት ነው። ለተማሪዎቹ የቀረበው ጥያቄ ቀላል ይመስል ነበር፦ ከባለቤቱ ያመለጠው ጂም ወደ አማርኛ ቢተረጐም በማን አማርኛ ይናገር? የጽሑፉ ክርክር ይህ ነው፤ ጥያቄው የትርጉም ስልት ጥያቄ ከመሆኑ በፊት፣ እኛ የቋንቋ አጥኚዎች በዘዬዎች መካከል ሳናውቀው የምናኖረውን ደረጃ የሚያጋልጥ ጥያቄ ነው።

2. ሁለት ዓምዶች

በመጀመሪያ ተማሪዎቹ ከጂም ንግግር የሰዋስውና የድምፅ ባሕርያትን እንዲለቅሙ ተጠየቁ። በጥርሶች መካከል የሚፈጠረው ድምፅ ወደ «ድ» መለወጡን፣ በቃል መጨረሻ የሚገጥሙ ተነባቢዎች መቀነሳቸውን፣ «መሆን»ን የሚያመለክተው ግስ ከሁሉም መደብ ጋር ባንድ ቅርጽ መነገሩን፣ አሉታው መደራረቡን በትክክል ለቀሙ። ቀጥሎ የሃክን ንግግር መረመሩ። በዚያም አሉታው ይደራረባል፤ ኢመደበኛ ግሶች በኃላፊ ጊዜ መደበኛ ይሆናሉ፤ የ«መሆን» ግስም በመደቦች ላይ እኩል ይዘረጋል።

ዝርዝሮቹ በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ሲጻፉ፣ አብዛኞቹ ቡድኖች ለጂም ዓምድ የሰጡት ርእስ «ስሕተቶች» የሚል፣ ለሃክ ዓምድ የሰጡት ደግሞ «የዘዬ ባሕርያት» የሚል ነበር። የተደራረበው አሉታ በሁለቱም ዓምዶች ነበረ፤ በአንደኛው ስሕተት፣ በሌላው ዘዬ ሆነ። የተለየው ቅርጹ አይደለም፤ ተናጋሪው ነው።

በዚህ ተማሪዎቹን ብቻ መውቀስ አይገባም። ፍርዱን በከፊል ያቀበላቸው ራሱ ትዌይን ነው። በእንግሊዝኛ «ነበር» የሚለውን ቃል ሃክም ጂምም በንግግር አንድ ዓይነት ነው የሚያሰሙት፤ ይሁንና በጂም አፍ ሲሆን ደራሲው ቃሉን ድምፁን በማይለውጥ ሌላ ፊደል ይጽፈዋል። ጆሮ የማይሰማውን ልዩነት ዓይን እንዲያየው ተደረገ ማለት ነው። የሰዋስው ጥንቃቄው እውነተኛ ቢሆንም፣ የፊደል አጣጣሉ ሸክሙን በአንድ ወገን ላይ ጭኗል። ሼሊ ፊሸር ፊሽኪን እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የሃክ አንደበት ራሱ በከፊል የተቀረጸው ትዌይን በ1874 ስለ እርሱ ከጻፈው ከአንድ ጥቁር ሕፃን አነጋገር ነው ስትል መከራከሯን ስናስታውስ፣ በሁለቱ ዓምዶች መካከል የተሰመረው መስመር ይበልጥ ይደበዝዛል።

የአማርኛ ተናጋሪዎቹ «በእኛ ፊደል እንዲህ ያለ ነገር አይቻልም፤ የምንጽፈው እንደምንሰማው ነው» አሉ። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው። አንድ ደራሲ የገጸ ባሕርዩን ደብዳቤ ከሥርወ ቃሉ በራቀ ፊደል ቢጽፍ ድምፁ አንዳች አይለወጥም፤ የተማረው አንባቢ ግን በጸሐፊው ላይ ይፈርዳል። ሃክ «ማሠልጠን» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛው ባልተለመደ ፊደል ሲጽፍ የሚፈጠረውን ፈገግታ በንጉሡ «ሠ»ና በእሳቱ «ሰ» መካከል መልሶ መፍጠር ይቻላል። የሚያስቸግረው ዛሬ ብዙዎች ልዩነቱን መተዋቸው ነው፤ ልዩነቱ ከተረሳ ቀልዱም ፍርዱም አብሮ ይጠፋል።

3. የፈረንሳዊው ክርክር

ለሥነ ልሳን ክፍል ከመጽሐፉ ሁሉ የላቀው ክፍል ምዕራፍ 14 ነው። ሃክ ፈረንሳዊ ሰው በሌላ ቋንቋ እንደሚናገር ለጂም ይነግረዋል፤ ጂም አይቀበልም። ሃክ ድመትና ላም አንድ ዓይነት እንደማይናገሩ አስመንቶት፣ እንግዲያው ፈረንሳዊም በተለየ መንገድ ቢናገር ተፈጥሮ ነው ይላል። ጂም በጥያቄ ይመልሳል፦ ድመት ሰው ናትን? ላምስ ሰው ናትን? ፈረንሳዊ ግን ሰው ነው፤ ሰው ከሆነ እንደ ሰው የማይናገረው ስለ ምንድን ነው? ሃክ መልስ ያጣና፣ እንዲህ ላለ ሰው ክርክር ማስተማር ከንቱ ነው ብሎ በዘር ስድብ ይዘጋዋል።

ክፍሉ መጀመሪያ በጂም ሳቀ። ክርክሩን ወደ መነሻና መደምደሚያ ከፍለው እንዲጽፉት ሲጠየቁ ግን ሳቁ ቀረ። የሃክ ንጽጽር በሰዎች ቋንቋ መካከል ያለውን ልዩነት በእንስሳት ዝርያ መካከል ካለው ልዩነት ጋር ያስተካክላል፤ የባርነት ጠበቆች የቆሙበትም አሳብ ከዚህ የራቀ አልነበረም። የጂም መነሻ በአንጻሩ የሰው ልጅ ሁሉ አንድ መሆኑን ይይዛል። ስለ ፈረንሳይኛ የደረሰበት መደምደሚያ የተሳሳተ ነው፤ የሳተውም ከአንድ የጋራ ችሎታ ብዙ ቋንቋዎች ሊወለዱ እንደሚችሉ የሚነግረው ስላልነበረ ነው። ሃክ ስለ ፈረንሳይኛ ትክክል ሆኖ በመነሻው ይስታል፤ ጂም ስለ ፈረንሳይኛ ስቶ በመነሻው ትክክል ነው።

አንዲት ተማሪ ያቀረበችው ተቃውሞ ሊመዘን ይገባዋል። ነጮች ፊታቸውን አጥቁረው በጥቁሮች ላይ ያሾፉበት የነበረው የመድረክ ትርኢት የተገነባው በእንዲህ ዓይነት የ«ሞኝ» ምልልስ ነው፤ ትዌይንም ያንን ትርኢት ይወድ ነበር፤ ስለዚህ ምዕራፉን ለጂም የተጻፈ ምስጋና አድርጎ ማንበብ የዋህነት ነው አለች። እውነት አላት። ትዕይንቱ ቅርጹን ከዚያ መድረክ ወስዷል። ሆኖም በመድረኩ ላይ የሚሳቀው በሞኙ ነው፤ እዚህ ግን በክርክሩ የተረታው ነጩ ልጅ ነው፤ መርታት ሲያቅተውም ይሳደባል። አንባቢ በሁለቱ መካከል እንዲመርጥ አይገደድም። ቅርጹ የስድብ፣ ይዘቱ የክብር ሊሆን እንደሚችል ማየት ራሱ አንድ የንባብ ትምህርት ነው።

4. አንዱ ቃል፣ ሁለቱ ቃላት

መጽሐፉ አንድን የዘር ስድብ ከ200 ጊዜ በላይ ይደግማል። አለን ግሪበን እ.ኤ.አ. በ2011 ያዘጋጀው እትም ይህን ቃል «ባሪያ» በሚል ፍቺ ባለው የእንግሊዝኛ ቃል ተካው፤ ብዙዎችም ታሪክን መከለስ ነው ብለው ነቀፉት። እትሙ ስድብን በሁኔታ ስም ለወጠ፤ ነጻ የወጣ ጥቁር ሰው እንኳ በዚያ ስድብ ይጠራ ስለነበር ልውውጡ እውነትን ያጎድላል።

በአማርኛ ግን ችግሩ ተገልብጦ ይመጣል። «ባሪያ» ሁለቱንም ሥራ በአንድነት ይሠራል፤ የሁኔታ ስም ነው፤ በቆዳ ጥቁረትና በትውልድ ላይ የሚወረወር ስድብም ነው። በጸሎትና በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ደግሞ ለፈጣሪ የመገዛት የትሕትና ቃል ነው። «ሻንቅላ» የሚለውን የሚያቀርብ ቢኖር፣ ይህ በምዕራቡ ቈላ በሚኖሩ ሕዝቦች ላይ ከውጭ የተጫነና ዛሬም የሚያቆስል ስም መሆኑን ማወቅ አለበት። ኪስዋሂሊ ተናጋሪዎቹ «ምቱምዋ» የሚለውን ቃላቸውን አመጡ፤ ሥርወ ቃሉ «የሚላክ» ማለት ነው። እዚያ የሚታየው ሥራው ነው፤ የተናጋሪው ንቀት ግን በሌላ መንገድ መገለጽ ይኖርበታል።

አንድ ተማሪ «እንግዲያው በአማርኛ ተመችቶናል፤ አንዱ ቃል ይበቃል» አለ። ምቾቱ ግን አደገኛ ነው። ሁለቱን የእንግሊዝኛ ቃላት በአንድ «ባሪያ» የጠቀለለ ተርጓሚ፣ አንባቢው ስድቡን እንደ ሥራ መደብ ስም እንዲያልፈው ያደርጋል። ደግሞም አማርኛው ቃል ከባዕድ አገር የመጣ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገብታ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1942 ነው። ቃሉ ከአዋጁ በኋላም ኖሯል። ስለዚህ ተርጓሚው ሁለቱን መለየት ይኖርበታል፦ ለሁኔታው ስም «በባርነት ያለ ሰው»፣ «ባለቤት ያለው ሰው» እያለ ሊያብራራ፣ «ባሪያ»ን ግን ስድቡ ለሚነገርበት ቦታ ብቻ ሊያኖር። እንዲህ ሲሆን አንባቢው ቃሉን በሰማ ቁጥር የሚሰማው የሚዙሪን ንቀት ብቻ ሳይሆን የራሱን ቋንቋ ትዝታ ጭምር ይሆናል።

5. ዘዬና አክብሮት

ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ተማሪዎቹ ሦስት አማራጮች አቀረቡ። የመጀመሪያው ጂምን በጎጃም ወይም በወሎ አማርኛ ማናገር ነው። ይህ የሚሲሲፒን ወንዝ ዳር የኑሮ ደረጃ በሕይወት ባሉ የአገራችን ተናጋሪዎች ላይ መጫን ይሆናል። ደግሞስ ምን ዓይነት ምልክት ይመረጣል? «ሄድኩ» እና «ሄድሁ» ቢነጻጸሩ፣ «ሄድሁ» በንግግር የጎጃምና የጎንደር ምልክት ነው፤ በጽሑፍ ግን የቀደምት ሊቃውንት ክቡር ቅርጽ ነው። ያው ቅርጽ በአፍ የገጠር፣ በገጽ የሊቅ ሆኗል።

ሁለተኛው አማራጭ አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚናገር ሰው አነጋገር ነው። በመድረክ ቀልዶች እንዲህ ያለው አነጋገር የሳቅ ምንጭ ሆኖ መኖሩ ብቻውን ምርጫውን ሊያስጥል ይበቃል። ከዚያ በላይ ግን የሥነ ልሳን ስሕተት ነው፤ የጂም እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ቋንቋው ነው፤ ሕግና ሥርዓትም አለው። ሦስተኛው ሁሉንም በመደበኛ አማርኛ መጻፍ ነው። ይህ ማንንም አይሰድብም፤ ነገር ግን መጽሐፉን ዲዳ ያደርገዋል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ልዩነቱን ከድምፅና ከግስ እርባታ ወደ አጠራርና ወደ ንግግር ልማድ ማዛወር ይሻላል የሚል ነው። አማርኛ እንግሊዝኛ የሌለው መሣሪያ አለው፤ ሃክ ጂምን «አንተ» ወይስ «አንቱ» ይበለው? ሃክ ገና ለጋ ልጅ ነው፤ ጂም ሚስትና ልጆች ያሉት ጎልማሳ ነው። በእኛ ሥርዓት ልጅ ጎልማሳን «አንተ» ሲል ነገሩ ሳይነገር ያስታውቃል። ስለዚህ የሃክ «አንተ» ያለ አንዳች የተጣመመ ፊደል የባርነትን ሥርዓት በየገጹ ያሳያል። ጂም ሃክን በፍቅር ቃል ሲጠራው «ልጄ» ይሆናል፤ በዚህም ውስጥ አባትነትና የአገልጋይ ልማድ ተቀላቅለው ይቀራሉ፤ በዋናውም እንዲሁ ነው።

በምዕራፍ 15 ሃክ በጭጋግ የተለየውን ጂምን ያታልለዋል፤ ጂምም ወዳጁን የሚያሳፍር ሰው ጥራጊ መሆኑን ይነግረዋል፤ ሃክ ከሩብ ሰዓት ትግል በኋላ ሄዶ ይቅርታ ይለምናል። አንድ ተማሪ «ከዚህ በኋላ ወደ አንቱ ይለወጥ» ሲል አጥብቆ ጠየቀ። አሳቡ ያምራል፤ ነገር ግን መቀበል አይገባም። ሃክ ከይቅርታው በኋላም በዚያው ቋንቋ ይናገራል፤ በምዕራፍ 31 ለጂም ብሎ ገሃነምን ሲመርጥ እንኳ ኃጢአት እየሠራ እንደ ሆነ ያምናል። ልቡ ሰዋስውን ቀድሞታል። «አንቱ» ቢባል ተርጓሚው ልጁን ከደረሰበት በላይ ያደርሰዋል፤ የመጽሐፉን ምሬትም ያለዝበዋል።

6. ማጠቃለያ

በምዕራፍ 23 ጂም በቀይ ትኩሳት ታምማ ከዳነች ትንሽ ልጁ ጋር የሆነውን ይናገራል። በር ዝጊ ቢላት አልታዘዘችም፤ መታት። በሩ በነፋስ ተላትሞ እንኳ ንቅንቅ ሳትል ሲያይ መስማት የማትችል መሆኗን ዐወቀ። ዝምታዋን እንቢታ አድርጎ ተርጉሞት ነበር፤ ራሱንም ይቅር ማለት አልቻለም። በመጽሐፉ ውስጥ ልዩነትን እንደ ጥፋት ቈጥሮ የቀጣ፣ መቅጣቱንም በገዛ አንደበቱ የመሰከረ ሰው ጂም ነው።

ለእኛ የሚተርፈው ተግባራዊ ነው። በመስክ ማስታወሻ፣ በመዝገበ ቃላትና በተማሪ ወረቀት ላይ «ስሕተት» ብለን ስንጽፍ፣ ስሕተቱ በየትኛው ተናጋሪ ሰዋስው ዘንድ እንደ ሆነ አብረን ልንጽፍ ይገባል። ይህን መጻፍ ካልቻልን የመዘገብነው የቋንቋ ባሕርይ አይደለም፤ የራሳችንን ደረጃ አሰጣጥ ነው። ልብ ወለዱም በሥነ ልሳን ክፍል ውስጥ ቦታ ሊኖረው የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁለቱን ዓምዶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ርእሳቸውን እንድንሰጥ ያስገድደናል።